የታደለች ተራ በመቀሌ

ሰኞ

የማኅበራችን እናቶችና እኅቶች፣ ከተመለስኩ ጀምሮ አንዳችሁ ጠበል ጠዲቅ ላይ፣ አንዳችሁ ገበያ መሐል አቁማችሁ «እስቲ መቀሌን አውጊን» ትሉኛላችሁ። ቆራርጬ ከማወራ ከመነሻው ቁጭ ብዬ ብጽፈው ይሻላል። አብዛኞቻችን ከደብረ ብርሃን ርቀን ሄድን ቢባል አዲስ አበባ ነው፤ የቀረውን አገር የምናውቀው በወሬ ነው። ወሬ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ታናሽ እኅቴን ታደለችን አትረሷትም። የአማርኛ መምህርት ሆና መቀሌ ተመደበች፤ እዚያው አቶ ኪዳነ የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር አግብታ ቀረች። ስልኩም መንገዱም ተዘግቶ በነበረበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳናውቅ በየማኅበሩ ስሟን የጠራንላት እሷ ናት። በሐምሌ አጋማሽ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ጡቴ ላይ እብጠት ወጥቶ ሐሙስ በቀዶ ሕክምና ሊያወጡልኝ ነው። አትደንግጪ» አለችኝ። አትደንግጪ ተብሎ ሳይደነግጥ የቀረ ሰው አላውቅም።

«መጣሁ» አልኳት።

«እዚያ አገር ብቻሽን? አትፈሪም?» ያላችሁኝ አላችሁ። አልዋሽም፣ ፈርቻለሁ። የፈራሁት ግን ሰዉን አልነበረም፤ እኅቴን ከስታ ማየትን ነው። ሰኞ ጠዋት ብርዱ አፍንጫ እየቆረጠ ከአውቶቡስ ተራ ተነሣሁ። ዕድሜዬን የሠራሁት ብርድ ልብስ ፋብሪካ አይደል፣ ስጦታ ሲሉኝ ከብርድ ልብስ ሌላ አይታየኝም፤ ወፍራሙን ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ በጉልበቴ ተጭኜ አስገባሁት። አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ቤት አደርኩ። እራት ላይ ሁሉም ስለ አውሮፕላን ይመክረኛል፤ አንዱ ከረሜላ ምጠጪ፣ አንዱ ዐይንሽን ጨፍኚ፣ አንዱ ምንም አትብዪ ይላል። እኔ በሆዴ ዳዊት ስደግም አመሸሁ።

ማክሰኞ

አውሮፕላን ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ዐይንሽን ጨፍኚ ያለኝን አልሰማሁትም። በመስኮቱ ቁልቁል ሳይ ደመናው ተነድፎ የተከመረ ሱፍ ይመስላል፤ «ይኼን ሁሉ ማን ይፈትለዋል!» ብዬ ሳላስበው ጮክ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ነጋዴ ሴት ሳቀች።

«ከየት ነሽ እናቴ?» አለችኝ።

«ከደብረ ብርሃን።»

ሳቋን ሰበሰበች። በሁለታችን መሐል ስንት ነገር እንዳለፈ ሁለታችንም እናውቃለን። ቆይታ፣ «ወደ ማን ነው የምትሄጂው?» አለች። እኅቴ ታማ መሆኑን ስነግራት እጇን እጄ ላይ አደረገችና «ኣጆኺ» አለችኝ። በእነሱ አይዞሽ ማለት ነው። ትርጉሙን ሳትነግረኝ ገብቶኛል።

አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ወረድን። የሰው ሻንጣ ሁሉ ወጣ፤ የኔ የለም። የማነሣው ሳጣ ባዶ እጄን ቆሜ ላለቅስ ደረስኩ። ሠራተኛዋ ስሜን ጽፋ በነገው አውሮፕላን እንደሚመጣ ነገረችኝ። ያቺ ነጋዴ ሴት የራሷን ዕቃ ጭና መሄድ ስትችል ጠብቃኝ ኖሯል። «ሰው ለታመመ እኅቱ መጥቶ በታክሲ ብቻውን አይሄድም» ብላ አብራ አሳፈረችኝ።

ከኲሓ በኩል ቁልቁል ሲወረድ መቀሌ በተራራ ተከባ ሜዳው ላይ ተዘርግታ ትታያለች። እንደኛ ከተማ ናት፣ ድንጋይ ትወዳለች። ግን የኛ ድንጋይ ጥቁር ነው፤ የእነሱ ነጣ ያለ፣ በመዶሻ ተጠርቦ መስመሩን ጠብቆ የተደረደረ። ብርዱም ከኛ ብርድ ጋር ሲነጻጸር ሙቀት ነው፤ ጋቢዬን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አደረግሁት። ሮማናት አደባባይ ላይ ባጃጁና ታክሲው ሲተራመስ አቶ ኪዳነ ቆሞ ሲጠብቀኝ አየሁት፤ ፀጉሩ ጨርሶ ነጥቷል። ነጋዴዋ በትግርኛ ምን እንዳለችው እንጃ፣ እጅ ነሣት። ስሟን ሳልጠይቃት ሄደች፤ ይኼ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ታደለች በር ላይ ቆማለች። ከስታለች። «እትዬ» ብላ አንገቴ ላይ ስትወድቅ የትከሻዋ አጥንት ቆረቆረኝ። ግን ሳያት ቀሚሷ ተተኩሷል፣ ሹሩባዋ አዲስ ነው። «ለቀዶ ሕክምና ሹሩባ?» ስላት፣ «ዶክተሩ ሳይሆን እኔ ነኝ የምታረደው፤ አምሬ ልሂድ እንጂ» ብላ ሳቀች። እንዲህ ያለ ቀልድ ልጅ ሆናም ነበራት።

የሚኖሩት ብዙ ተከራይ ባለበት ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው። ለአቀባበሌ ጎረቤቶቿ ጥሕሎ ሠርተዋል። ጥሕሎ የገብስ ዱቄት ተለውሶ፣ እንደ ትንሽ ኳስ ተድቦልቡሎ፣ በሹል እንጨት እየተወጋ ቀይ የሥጋ ወጥ ውስጥ እየተነከረ የሚበላ ነው። ገብስ የተባለ ነገር ከኛ አገር ወዲያ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ቆሎውን፣ ጠላውን፣ በሶውን ይዘን እንኮራለን። ለካ ገብስ ዘመድ አለው። የመጀመሪያውን ወግቼ ወደ ወጡ ስልከው ከእንጨቱ አምልጦ ገባ፤ ወጡ ተፈናጥሮ ብቸኛ ቀሚሴን አለበሰው። ሻንጣዬ እንዳልመጣ ትዝ ይበላችሁ። ቀጥሎ ባለው ቤት ያሉት አረጋዊት እመት፣ አደይ ለተብርሃን (አደይ በእነሱ እናቴ ማለት ነው)፣ ተነሥተው ገቡና የራሳቸውን ቀሚስ ይዘው ወጡ። «ይኼን ልበሺ። አሁን ብሊ እንጂ!» አሉኝ። ሰፋኝ፤ ግን በዚያ ቀሚስ ሁለት ቀን ኮርቼ ዞርኩበት።

ረቡዕ

ፀሐይ ሳትሞቅ ታደለች ቀሰቀሰችኝ። «ነይ፣ ሰው ተሰብስቧል።»

በግቢው መሐል የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ዙሪያ ጎረቤቱ ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል፤ አስተማሪ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ቢሮ የሚሄድ አለ። ነገሩ የተጀመረው በዚያ በተዘጋው ዘመን ነው። ደመወዝ የለም፣ መድኃኒት የለም፣ ከዘመድ ድምፅ የለም። ሰው እቤቱ ተቀምጦ ብቻውን ሲፈራ፣ ታደለች «ጠዋት ጠዋት ወጥተን አንዲት ቃል እንባባል» አለች። የንስሐ አባታቸውም ባረኩላቸው። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ተረኛው ከመጽሐፍ አንድ ቃል ያነባል፤ ያ ቃል ዛሬ ለእርሱ ምን እንዳለው ይናገራል፤ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ይበተናሉ። ስብከት ማስረዘም ክልክል ነው። መንገዱ ተከፍቶ፣ ስልኩ ተመልሶም አልተዉትም።

የዚያን ቀን ተረኛዋ አደይ ለተብርሃን ነበሩ። አንድ ልጃቸው በጦርነቱ ጊዜ እንደወጣ አልተመለሰም። እሱም አልመጣ፣ መርዶም አልመጣ። የዕንባቆምን ጸሎት በቃላቸው አሉት፤ በለስ ባታፈራ፣ በወይን ሐረግ ፍሬ ባይገኝ፣ እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል የሚለውን። ከዚያ በአማርኛም በትግርኛም እየቀላቀሉ፣ ለእኔ እንዲገባኝ ወደ እኔ እያዩ እንዲህ አሉ፦

«ነቢዩ በለስ ባታፈራ ይላል። የእኔ በለስ አፍርታለች፤ ሒዳችሁ እዩዋት፣ አጥሩ ላይ ቀልታለች። ለቃሚው ነው የሌለ። ልጄ ነበር የሚለቅማት። እንግዲህ ምን ልበል? በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ማለት ከባድ ነው። ዛሬ ግማሹን ብያለሁ። ግማሹን ደግሞ ነገ እሱ ያስብለኝ።»

ሌላ ነገር አልጨመሩም። የሚያለቅስ አልነበረም፤ ሁሉም «አሜን» አለ፣ እሳቸውም አሜን አሉ። እኅቶቼ፣ እኛ በማኅበራችን ያን ቃል ስንት ጊዜ በዜማ ብለነዋል፤ ግማሹን ብቻ ማለት እንደሚቻል፣ እግዚአብሔርም በግማሹ እንደማይቀየም ግን ከእሳቸው ሰማሁ።

«እንግዳችንም አንድ ነገር ትበለን» አሉ። ያቺን ከነጋዴዋ የተማርኳትን ቃል ይዤ ወደ አደይ ለተብርሃን ዞርኩና «ኣጆኻ!» አልኳቸው። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ለካ ለወንድ የሚባለውን ነው ያልኩት። አደይ ለተብርሃን ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ምንም አይደል፤ እኔም አማርኛው ላይ ስንቱን ወንድ ሴት አድርጌዋለሁ» አሉኝና አቀፉኝ።

ቀኑ ጾም ነውና ምሳችን ሕልበት ነበር፤ ከባቄላና ከአብሽ ተመትቶ እንደ አረፋ የቀለለ፣ ከቲማቲም ስልስ ጋር የሚቀርብ። እኛ ረቡዕና ዓርብ ሽሮ ብቻ የምናውቅ ሰዎች ብዙ ቀርቶብናል። ከሰዓት አቶ ኪዳነ ሻንጣዬን ከአውሮፕላን ማረፊያ ይዞልኝ መጣ፤ በዚያው ቀን ታደለችን ሆስፒታል አስገባናት። የሴቶች ክፍል ነው፣ አልጋው ሁሉ ተይዟል፤ ከአጠገቧ ከሳምረ በኩል የመጣች፣ የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ምሕረት የምትባል የገበሬ ሚስት ተኝታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ለማንም መልስ አትሰጥም ነበር።

ሐሙስ

የግቢው ተራ የዚያን ቀን የታደለች ነበር። «ሌላ ሰው ይተካሽ» ብለዋት እንቢ ብላለች። ጎረቤቶቿ ሁሉ ሆስፒታል መግባት ስለማይችሉ፣ አደይ ለተብርሃን ብቻቸውን ስለ ሁሉም መጡ። ታደለች «ቀና አድርጉኝ» አለች። ለቀዶ ሕክምናው የሚለበሰውን ለብሳለች፤ ሹሩባዋ በጨርቅ ተሸፍኗል። መጽሐፉን ከፈተች። እንባ ዐይኗን ሞልቶት ፊደሉ አልታያት አለ። ዘጋችውና በቃሏ ጀመረች። ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?

«በዚያ ዘመን» አለች፣ «ማታ ማታ ደጅ ቆሜ ወደ ደቡብ ያለውን ተራራ አይ ነበር። ከዚያ ወዲያ እኅቴ አለች፣ ስሜን እየጠራች ነው እል ነበር። ማረጋገጫ አልነበረኝም። ተራራው አይናገርም። አሁን ግን ይቺውና፣ አልጋዬ ራስጌ ቆማለች፤ ስትጠራኝ እንደነበረም ነገረችኝ። ስለዚህ ዛሬ ወዲያ ስገባም፣ ስላላየሁት የለም ማለት እንዳልሆነ አውቄ እገባለሁ። የኔ ይኼው ነው።»

እኔ የአልጋውን ብረት ይዤ ቆሜ ነበር። አልጋ የሚገፋው ሠራተኛና ነርሷ ከመቼ ጀምሮ በሩ ላይ እንደቆሙ እንጃ፤ አቡነ ዘበሰማያት ሲደገም ነርሷም አብራ ደገመች። ሁሉም ሲጨርስ ከግድግዳው በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ። ምሕረት ነበረች፤ ፊቷን ወደ እኛ አዙራለች። በትግርኛ የተናገረችውን አደይ ለተብርሃን ተረጎሙልኝ፦ «የነገው ተራ ለእኔ ይሁን» ነው ያለችው።

ወሰዷት። ገና በሩን ሳያልፉ መብራት ጠፋ። የሆስፒታሉ ጄኔሬተር አንዴ ተነሥቶ ሞተ፤ እኅቴን መልሰው ኮሪደሩ ላይ አቆሟት። ልብ ካዘጋጁ በኋላ መጠበቅ ከሁሉ ይከፋል፤ እጇ ቀዘቀዘ፣ ከንፈሯ ደረቀ፣ ጠብታ ውሃ መስጠት አይፈቀድም። እኔ ማጉረምረም ጀመርኩ። «እኛ አገር ቢሆን…» ልል ስል፣ እኛም አገር መብራት እንደሚጠፋ ትዝ ብሎኝ አፌን ያዝኩ። ታደለች ዐይኗን ጨፍና ጣቶቼን እየቆጠረች ትጸልያለች፤ ልጅ ሳለች ዳዊት ስትማር እንዲህ ነበር የምታደርገው። አቶ ኪዳነ ከግድግዳው ተደግፎ በእግሩ ጣት ወለሉን ይመታል። በመጨረሻ ጄኔሬተሩ ጮኸ፣ መብራቱ መጣ፣ ገባች።

ስንጠብቅ የግቢው ሴቶች በየተራ ከደጅ ምሳ ይልኩልናል፤ ማንም አልቀመሰውም። ዶክተሩ ሲወጣ ሁላችንም ተነሣን። «እብጠቱ በሙሉ ወጥቷል። እሷም ደኅና ናት። ምንነቱን ግን ምርመራው ነው የሚነግረን፤ ቀን ይፈጃል» አለን። አቶ ኪዳነ ኮሪደሩ ላይ ተንበረከከ፤ ግንባሩ መሬት እስኪነካ። እኔም ከጎኑ።

ዓርብና ቅዳሜ

ዓርብ ጠዋት ታደለች ሕመሙ በርትቶባት መናገር አትችልም። ምሕረት ግን ቃሏን አልረሳችም። ማንበብ አትችልም፤ ከአባቷ የሰማችውን፣ እግዚአብሔር እረኛዬ ነው የሚለውን በግእዝ አለችው። «እኔ ከብት ጠብቄ ነው ያደግሁ» አለች፤ በዚያም ጠዋት የመጡት አደይ ለተብርሃን ተረጎሙልኝ። «የተሰበረችን ጊደር እረኛ አይነዳትም። ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። እግዚአብሔር ተነሺ እያለ የሚጮህብኝ መስሎኝ ነበር የምሸሸው። ለካ ቁጭ ብሏል።» ከዚያ ቀን በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አላየኋትም። የክፍሉ ሴቶችም በየጠዋቱ ተራ መያዝ ጀመሩ።

ቅዳሜ ማስታመሙን አቶ ኪዳነ ተረክቦ እኔን ወደ ግቢው ላከኝ። ውሃ የሚመጣበት ቀን ኖሯል። ከዓይናለም ጉድጓዶች የሚገፋው ውሃ ለየሰፈሩ በፈረቃ ነው የሚደርሰው፤ ሲመጣ ግቢው ሁሉ በርሜልና ጀሪካን ይዞ ይሯሯጣል። እኛ በረዷማ ውሃችንን እያማረርን እንደልባችን የምንደፋው ሰዎች እዚያ ብናይ እናፍራለን። የእኅቴን በርሜል ልሞላ ባልዲ ይዤ ስወጣ ሞልቶ፣ ተከድኖ፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ተቀምጦበታል። የሁሉም በርሜል ገና ባዶ ነው። «የእሷ ነው መጀመሪያ» አሉኝ። ማን እንደሞላው የሚነግረኝ አጣሁ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ካህኑ በትግርኛ ሲያስተምሩ እዚህም እዚያም አንድ ቃል እየያዝኩ ግራ ገብቶኝ ቆምኩ። ቅዳሴው ሲጀመር ግን እንግድነቴ ቀረ። ያው ግእዝ፣ ያው ዜማ፣ ሕዝቡ በሚቀበልበት ቦታ ሁሉ አፌ ሳይጠየቅ ይቀበላል። አጠገቤ ያለችው ሴት ዞር ብላ አየችኝ፤ ትንሽ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነው።

ማክሰኞ

ዶክተሩ ምርመራውን አስቸኩሎልን ውጤቱ ደረሰ። አቶ ኪዳነን፣ እኔንና ታደለችን አንድ ላይ አስቀመጠን።

«እብጠቱ ክፉው ዓይነት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ግን በጊዜ ተይዟል፤ አልተሠራጨም። መድኃኒት ትጀምራለች፤ ረዘም ይላል፣ ያደክማል። ተስፋው ግን ጥሩ ነው።»

እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ጆሮዬ ጮኸ። ታደለች ግን ሁሉንም ሰምታለች። «ፀጉሬ ይረግፋል?» አለችው። «ሊረግፍ ይችላል» አላት። ሹሩባዋን በእጇ ዳሰሰችና «ሐሙስ አምሬበት ሄጃለሁ፤ በቃው» አለች። ዶክተሩም ሳቀ፣ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ወደ ክፍሏ ስንመለስ ግን ኮሪደሩ መሐል ቆማ ደረቴ ላይ ተደግፋ አለቀሰች፤ አቶ ኪዳነ ከኋላችን ቆሞ የሰው ዐይን ከለለልን። ስትጨርስ ፊቷን ጠረገች። «ዛሬ ግማሹን ነው የምለው እትዬ» አለችኝ።

ይኼን ስጽፍ መድኃኒቱን ጀምራለች። እናንተም በጸሎታችሁ አስቧት፤ ወለተ ማርያም ነው ክርስትና ስሟ።

ረቡዕ

ቁስሏ ደርቆ የምትወጣበት፣ እኔም የምመለስበት ቀን ነበር። ዕቃዋን ጠቅልዬ ስጨርስ በአልጋዋ የምትተካዋን ሴት አመጡ፤ ወጣት ናት፣ ባሏ ከኋላዋ ፌስታል ተሸክሞ ላብ ያጠምቀዋል። በሩ ላይ ቆሞ ነርሷን «ጠዋት የሚጸልዩበት ክፍል ይኼ ነው?» ሲል ሰማሁት፤ ታደለች ተረጎመችልኝ። ታች ያሉ ሕሙማን ነግረውት «ሚስቴን እዚያ አስገቡልኝ» ብሎ ሲለምን ቆይቷል። ነርሷ «እወ፣ ይኼ ነው» አለችው።

ታደለች ከአልጋው ተነሥታ ልጅቱን በቦታዋ አስቀመጠቻት። ታደለች አጠገቧ ቁጭ አለችና፣ ለእኔም እንዲገባኝ ይመስለኛል በአማርኛ፣ «ነገ የምሕረት ተራ ነው። ዓርብ የሲስተር ነው፤ ራሷ ጠይቃ ነው የገባች። ቅዳሜ ያንቺ ይሁን» አለቻት።

«እኔ እኮ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም» አለች ልጅቱ። «ምን እላለሁ?»

«ያለሽን። ፍርሃት ብቻ ካለሽ ፈርቻለሁ በዪ። ዳዊትም ብሎታል።»

ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ትከሻዋ ወረደ። ምሕረት ከአልጋዋ «ኣጆኺ ሓፍተይ» አለቻት፤ አይዞሽ እኅቴ ማለቷ ነው። ባልየው ፌስታሉን መሬት አስቀምጦ፣ የማን መሆኗን ለማወቅ ይሁን፣ ለማመስገን ይሁን፣ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በአማርኛ «ይቺ መምህርት ምንሽ ናት እናቴ?» አለኝ።

«እኅቴ ናት» አልኩት። ከዚያ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ፣ «ታናሽ እኅቴ» አልኩ።